በሁዳዴ ላይ ሌላ ሁዳዴ

ጥያቄ

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ባለቤቴ «የሕንድ ጣጣ» እያለ ሲያብጠለጥለኝ መስማት ስላንገፈገፈኝ ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር የ38 ዓመት የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ብርዱ አልቆ ዛፉ ማቆጥቆጥ ሲጀምር ሰውነቴ ይከብዳል፣ አፍንጫዬ ይደፈናል፣ ጠዋት ከአልጋ መነሣት ያቅተኛል። አንዲት የዮጋ መምህርት ይህ አዩርቬዳ በሚባለው የሕንድ ባህላዊ ሕክምና ካፋ የሚሉት ከባድና እርጥብ የሰውነት ባሕርይ መሆኑን አስረዳችኝ፤ በብርዱ ወራት የተጠራቀመው እርጥበትና ክብደት በጸደይ ፀሐይ ቀልጦ የምግብ መፍጫውን እሳት ያዳክማል አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በአዩርቬዳ ሥርዓት እየኖርኩ ነው።

ጎህ ሳይቀድ እነሣለሁ። ምላሴን በመዳብ መፋቂያ እፍቃለሁ። ለብ ያለ የቧንቧ ውሃ ላይ ጨው ጨምሬ አፍንጫዬን ኔቲ በሚባል የማጠቢያ ማሰሮ አጥባለሁ። ዝንጅብል አፍልቼ፣ ከእሳቱ ሳላወጣው ማር እጨምርበታለሁ። ከዚያ የሰሊጥ ዘይት አሙቄ መላ ሰውነቴን እታሻለሁ፤ ባለቤቴ የሚነሣብኝ እዚህ ላይ ነው። ገንዳው አዳለጠኝ፣ ፎጣው ሸተተ፣ ቱቦው ተደፈነ፤ በየቀኑ አንድ ነገር አለው። ልጆቹም ከእሱ ሰምተው ይስቁብኛል። እኔ የሠራሁት ክፉ ነገር ምንድን ነው?

ጾሙንም አላጓደልኩም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እቆያለሁ፤ ስፈታ ማሾ፣ ሩዝ፣ እርድና ከሙን ያለበት ኪቸሪ እበላለሁ፤ እዚያው ላይ ጥቁር ሻይ በቀረፋ እጠጣለሁ። ማታ ትሪፋላ ከሚባለው የአዩርቬዳ ዱቄት አንድ የሻይ ማንኪያ በሙቅ ውሃ። ቀን መተኛት በጸደይ ክልክል ነው ስለተባልኩ ቢያንገላጅጀኝም ጋደም አልልም። ያልተስተካከለው አንድ ዓመሌ ብቻ ነው፤ በሥራ ቦታ ከማሽኑ በረዶ በኩባያ እየቀዳሁ እቆረጥማለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መጀመሪያ የምሮጠው ወደ ምግቡ ሳይሆን ወደ በረዶው ነው። የወር አበባዬ ከሁለተኛው ልጅ ወዲህ ስለሚበረታ በእነዚያ ቀኖች የዘይቱን ማሸት እተዋለሁ።

አሁን መምህርቷ የ14 ቀን ማጽጃ አዛልኛለች፤ ኪቸሪና ሙቅ ውሃ ብቻ፣ መጨረሻው ላይ የሚያስቀምጥ መድኃኒት። ባለቤቴ ደግሞ «ስንፍና ነው፣ መጀመሪያ ጾምሽን በወጉ ጹሚ» ይላል። ደረጃ ስወጣ ልቤ ይደልቃል፤ ባለፈው እሑድ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ዐይኔ ጨለመብኝ። ማጽጃውን ልጀምር? ደግሞ ለማንም ያልተናገርኩት አለ፤ ጾሙ ዘንድሮ የሚዘልቀኝ አይመስለኝም። ከፋሲካ በፊት ባቋርጠው ምን እባላለሁ?

መልስ

እህቴ፣ ስለ በረዶው እናውራ። «ዓመሌ» ብለሽ ያለፍሽው ከደብዳቤሽ ሁሉ ዋናው ነገር ነው። በረዶ ሳይቆረጥሙ መዋል አለመቻል የብረት ማነስ የታወቀ ምልክት ነው። በየወሩ የሚበረታ ደም፣ ደረጃ ላይ የሚደልቅ ልብ፣ ቆመው ሲያስቀድሱ የሚጨልም ዐይን ሲታከልበት ደግሞ ሁሉንም ካፋ ብሎ መተው አይቻልም። አፍንጫሽን የደፈነው የዛፎቹ ብናኝ ሊሆን ይችላል፤ ከአልጋ አላስነሣ ያለሽን ግን ደምሽ ውስጥ ፈልጊው።

አዩርቬዳን ስለማከብር ነው የምቆጣው። ቻራካ ሳምሂታ የሚባለው ጥንታዊ የአዩርቬዳ መጽሐፍ በሕክምና ክፍሉ 16ኛ ምዕራፍ ፓንዱ ስለሚባለው፣ ሰውን ስለሚያገረጣው በሽታ በሰፊው ያትታል፤ ከአምስቱ ዓይነቶች አንዱን የሚያያይዘው አፈር ከመብላት ጋር ነው። ምግብ ያልሆነ ነገር ማማርና መገርጣት አብረው እንደሚሄዱ የጥንቶቹ ሐኪሞች አይተዋል። መምህርትሽ ማጽጃ ከማዘዟ በፊት የታችኛውን የዐይን ቆብሽን ገልጣ አይታ ይሆን? የወር አበባሽ ስንት ቀን እንደሚቆይ ጠይቃሽ ይሆን?

ስለ ጸደይ የነገረችሽ ስሕተት የለበትም። ከማርች አጋማሽ እስከ ሜይ አጋማሽ ግድም የሚዘልቀው ቫሳንታ የካፋ ወቅት ነው፤ መጻሕፍቱም ቀለል ያለ፣ ደረቅና ሙቅ ምግብ፣ ገብስ፣ ማር፣ መራራና የሚያቃጥል ቅመም ያዛሉ። ግን ለማን? እነዚያው መጻሕፍት በብርዱ ወራት ወተት፣ ሥጋና ቅባት ብላ ይላሉ፤ ጸደይ ላይ የሚቀለው ያ ሲበላ የከረመው ሰው ነው። አዩርቬዳ ላንጋና ብሎ ያቀላል፣ ብሪምሃና ብሎ ይገነባል፤ የሞላውን ያቀላል፣ የጎደለውን ይገነባል። አንቺ 55 ቀን ከሥጋ፣ ከወተትና ከቅቤ ተለይተሽ፣ በየወሩ ደም እያፈሰስሽ፣ ከዚህ በላይ ምንሽን ነው የምታቀይው? ማጽጃውን አትጀምሪ። በሁዳዴ ላይ ሌላ ሁዳዴ አይደረብም።

በዚህ ሳምንት የቤተሰብ ሐኪምሽ ዘንድ ሂጂ። «ደከመኝ» ብቻ ካልሽ «ሁላችንም ደክሞናል» ብሎ ሊሸኝሽ ይችላል፤ በረዶ እንደምትቆረጥሚ፣ ቅዳሴ ላይ ዐይንሽ እንደጨለመ፣ በሚበረታበት ቀን ሞዴስ በስንት ሰዓት እንደምትቀይሪ ንገሪው። ሙሉ የደም ቆጠራና ፌሪቲን ይታዘዝልሽ። ላልጸነሰች ሴት ሄሞግሎቢን በዴሲ ሊትር ከ12 ግራም በታች ከሆነ ደም ማነስ ይባላል። ፌሪቲን የተከማቸውን ብረት ስለሚያሳይ ሄሞግሎቢኑ ደህና ሆኖ እሱ ብቻ ሊወርድ ይችላል፤ ስለዚህ «ደምሽ ደህና ነው» ቢሉሽ የፌሪቲኑን ቁጥር ጠይቂ። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ15 ማይክሮግራም በታች የሆነውን ማነስ ይለዋል፤ ብዙ ሐኪሞች ከ30 በታችም ያክማሉ። በዚያው ቀጠሮ ደሙ ለምን እንደሚበረታ ይመርመር፤ ማዮማ የሚባለው የማሕፀን እጢ ከተለመዱት ምክንያቶች አንዱ ነው። ቀዳዳው ሳይደፈን ብረት ብቻ መጨመር ልፋት ነው።

እስከዚያው ከምግብሽ ጋር የምትጠጪውን ሻይ አንሺ። የጾም ምግብ ብረት በባሕርዩ ለሰውነት አስቸጋሪ ነው፤ በሻይና በቡና ያለው ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር ደግሞ እዚያው ጨጓራ ውስጥ ያስረዋል። ሻይም ቡናም ከምግብ አንድ ሁለት ሰዓት ይራቁ። ትሪፋላም በታኒን የተሞላ ነው፤ የሆድ ድርቀት ከሌለብሽ አቁሚው። ምስሩና ጎመኑ ላይ ሎሚ ጭመቂበት፣ ቃሪያ ጨምሪበት፤ ቫይታሚን ሲ ብረቱን ያስገባልሻል። «ጤፍ እበላ የለ» ብለሽ አትዘናጊ፤ ጤፍ ላይ ከሚለካው ብረት ብዙው ከአውድማው አፈር የሚመጣ ነው፣ ሰውነትም እምብዛም አይወስደው።

ከጠዋቱ ሥርዓትሽ የማስቸኩልሽ ኔቲው ላይ ነው። የቧንቧ ውሃ ለመጠጥ እንጂ ለአፍንጫ አይሆንም፤ በአፍንጫ ገብቶ አንጎል የሚያጠቃ አሜባ ሊኖርበት ይችላል፤ እምብዛም አይከሰትም፣ ሲከሰት ግን ይገድላል። ለ1 ደቂቃ ተንተክትኮ የቀዘቀዘ ወይም ዲስቲልድ ውሃ ተጠቀሚ። አዲስ አበባ ላሉ ዘመዶች ከነገርሽ ከፍታው ስለሚበልጥ 3 ደቂቃ በያቸው። ለ240 ሚሊ ሊትር ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሊሞላ ጥቂት የቀረው አዮዲን የሌለው ጨው ይበቃል፤ ጨው ሲያንስም ሲበዛም ያቃጥላል። ማሩን ደግሞ አታፍይው፤ አዩርቬዳ ማር በእሳት እንዳይነካ አጥብቆ ይከለክላል። ውሃው ጣት የሚያስችል ሲሆን ጨምሪ።

ስለ ዘይቱ ባለቤትሽ ሳያውቀው ትክክል ሆኗል። በዘይት አብዝቶ መታሸት የብርድ ወራት ነው፤ ለጸደይ የታዘዘው ኡድቫርታና የሚባለው ደረቅ ማሸት ነው። ግማሽ ኩባያ የሽምብራ ወይም የገብስ ዱቄት ወስደሽ፣ አሮጌ አንሶላ ላይ ቆመሽ፣ በደረቅ ቆዳ ከእግር ወደ ላይ አምስት ደቂቃ ታሺበት። የሽሮ ዱቄት እንዳይሆን፤ በርበሬው ያቃጥልሻል። ገንዳ ውስጥ አታድርጊው፤ ዱቄቱ ሲረጥብ ይለጥፍና ከዘይቱ የባሰ ቱቦ ይደፍናል።

ቀን ጋደም በይ። ጸደይ ላይ የቀን እንቅልፍን የሚከለክለው ቻራካ ራሱ ለደከመና ለታመመ ይፈቅዳል። የደም ውጤትሽ እስኪመጣም ከቀላል እርምጃ ያለፈ ስፖርት ይቅርብሽ።

ጾሙ ላይ የንስሐ አባትሽን ዛሬውኑ አናግሪ፤ ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን አታስገድድም። እኔን ከጠየቅሽኝ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱ አሁኑኑ ይቅር እላለሁ። «ምን እባላለሁ» ያልሽው ልቤን ነክቶኛል። ታመሽ ሳለሽ ሁለት ልጅ፣ ሥራና ጾም ተሸክመሽ እዚህ ደርሰሻል፤ ቅዳሴ ላይ ዐይኗ የጨለመባትን ሴት ሰነፍ የሚል ባል ካለ ማፈር ያለበት እሱ ነው። ከቻለ ሐኪም ቤት አብሮሽ ይሂድና ራሱ ይስማ።

ብረት ከታዘዘልሽ ከፋርማሲ ግዢው እንጂ ብረት አለበት የሚባል የአዩርቬዳ ዱቄት በኢንተርኔት አታዝዢ። እ.ኤ.አ. በ2008 በጃማ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በኢንተርኔት የተሸጡ 193 የአዩርቬዳ መድኃኒቶችን ፈትሾ ከአምስቱ በአንዱ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ አግኝቷል፤ እርሳስ ደግሞ ራሱ ደም ማነስ ያመጣል። ክኒኑን በውሃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ ዋጪው፤ ሰገራሽ ቢጠቁር አትደንግጪ። የበረዶው አምሮት ብዙ ጊዜ ደምሽ ገና ሳይሞላ ይጠፋል። ጠርሙሱን ግን ልጆችሽ በማይደርሱበት ቆልፊበት፤ ለአንቺ መድኃኒት የሆነው ብረት በብዛት ከተዋጠ ሕፃን ይገድላል።