ከአንድ ግንድ የወጡ ሶፍትዌሮች ምን ያህል ይተማመናሉ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱኝ ጥያቄዎች የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፦ ዘመዳም የሆኑ የኦፕን ሶርስ (ምንጭ ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት የሆነ) ፕሮጀክቶች ግልጽነትና መተማመን። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ፒያሳ የጽሕፈት አገልግሎት እሰጣለሁ። አንዱ ኮምፒውተር ላይ ኦፕንኦፊስ፣ ሌላው ላይ ሊብሬኦፊስ አለ። አንድ አይደሉም እንዴ? (ከደሴ)

ነበሩ። በ2010 ኦራክል የተባለው ኩባንያ የኦፕንኦፊስን ባለቤት ሰንን ሲገዛ ኦፕንኦፊስም አብሮ እጁ ገባ። ብዙ ገንቢዎች ነገሩ አላማራቸውም፤ በዚያው ዓመት ወጥተው ሊብሬኦፊስን ጀመሩ። ኦራክል በ2011 ኦፕንኦፊስን አፓቺ ለተባለው የሶፍትዌር ፋውንዴሽን ሰጠ። በአጠቃቀም ፈቃዳቸው (ላይሰንስ) ልዩነት የተነሳ ሊብሬኦፊስ ከኦፕንኦፊስ ኮድ መውሰድ ይችላል፤ ኦፕንኦፊስ ግን እንዲሁ መልሶ መውሰድ አይችልም። እርስዎ ሁለቱም ላይ ሊብሬኦፊስን ይጫኑ።

ሰርቨሮቻችን የሚሠሩት በዴቢያን (አንዱ የሊኑክስ ስርጭት) ነው። ኤክስዜድ የተባለውን የፋይል መጭመቂያ ጉድ ከሰማሁ ወዲህ ማንን ልመን? (የኔትወርክ ባለሙያ፣ ከኮምቦልቻ)

አብሽር፤ የዴቢያን ስቴብል (የተረጋጋው እትም) አልተነካም። የተበከሉት የኤክስዜድ እትሞች 5.6.0 እና 5.6.1 የገቡት ገና በሙከራ ላይ ወደነበሩት ቅርንጫፎች ነው። ስጋትህ ግን ተገቢ ነው።

በማርች 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ገንቢ በኤስኤስኤች (ኮምፒውተርን ከሩቅ መግቢያ ዘዴ) ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደሚዘገይ አስተዋለ። ሌላው ሰው «ኔትወርኩ ነው» ብሎ ባለፈው ነበር። እሱ ቆፍሮ ኤክስዜድ ውስጥ የተደበቀ የኋላ በር (በስውር ሰርጎ መግቢያ) አገኘ። ያስገባው «ጂያ ታን» በሚል ስም ከሁለት ዓመት በላይ እያገዘ፣ የደከመውን የኤክስዜድ ተንከባካቢ እምነት ያተረፈ ሰው ነው። ልብ በል፤ የኤስኤስኤች ፕሮግራሙ ኦፕንኤስኤስኤች ራሱ ኤክስዜድን አይጠቀምም። ሁለቱን ያገናኛቸው እንደ ዴቢያን ያሉ ስርጭቶች ሲስተምዲ ለተባለው የአገልግሎቶች ማስጀመሪያ ሲሉ የጨመሩት ማስተካከያ ነው። መጋጠሚያው የማን ኃላፊነት እንደሆነ በግልጽ አልተያዘም ነበር። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። በዚያ ላይ ተንኮሉን የሚቀሰቅሰው መስመር ሁሉም በሚያየው የኮድ ማከማቻ ውስጥ አልነበረም፤ ታሽጎ በሚታደለው ፋይል ውስጥ ብቻ ነበር። ስለዚህ ስም አይተህ አትመን። የሚታደለው ፋይል ከሚታየው ኮድ ጋር አንድ መሆኑን የሚያረጋግጥ ፕሮጀክት ምረጥ።

የደህንነት ቀዳዳ ባገኝ ወዲያው ይፋ ላውጣው? ግልጽነት እኮ ነው። (ከደሴ)

አይሆንም። መጀመሪያ ለፕሮጀክቱና ለሚጠቀሙበት ስርጭቶች በውስጥ ንገር። ፍሮይንድም ለሕዝብ ከማሳወቁ በፊት ለዴቢያን የደህንነት ቡድን ነግሯል።

በጂፒኤል (ኮዱን መቀየርና ማደል በሚፈቅድ ፈቃድ) የወጣ የንብረት መመዝገቢያ ወስደን ለአንድ ፋርማሲ አስተካከልነው። ለዋናዎቹ ገንቢዎች የመንገር ግዴታ አለብን? (ተማሪዎች፣ ከኮምቦልቻ)

ፈቃዱ አያስገድዳችሁም። ግዴታችሁ ለፋርማሲው ነው፤ ምንጭ ኮዱን ታቀርባላችሁ፣ የቀደሙትን ሰዎች ስም አትነኩም፣ ምን እንደቀየራችሁም ትጽፋላችሁ።

እኔ ግን ንገሯቸው እላለሁ። ወር መምረጫው 12 ላይ ስለሚያበቃ ጳጉሜን 3 የገባ መድኃኒት መመዝገቢያ ያጣል እንበል። እናንተ አስተካከላችሁት። ዝም ካላችሁ አዲስ እትም በወጣ ቁጥር ያንኑ ሥራ ትደግማላችሁ። ከላካችሁላቸውና ከተቀበሉት ግን ጅማ ያለው ፋርማሲም ይጠቀምበታል። የኢትዮጵያ ዓመት 13 ወር እንዳለውና ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን እንደሆነ ከኮዱ ጋር በአጭሩ አስረዷቸው፤ ላያውቁ ይችላሉ። መልስ ቢዘገይ አትቀየሙ፤ ብዙዎቹ ከእንጀራ ሥራቸው በተረፈ ሰዓት ነው የሚሠሩት።