ቢላ የነካው ካንሰር ይሰራጫል ወይ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። አባቴ 66 ዓመታቸው ነው፤ ራሳቸው መላጣ ነው። አናታቸው ላይ የወጣች ቁስል ከዓመት በላይ አልድን ብላለች። ትደርቃለች፣ ቅርፊቷ ይነሳል፣ ትደማለች፣ መልሳ ትቆስላለች። ቅባት ስንቀባ፣ የአንቲባዮቲክ ካፕሱል እየከፈትን ዱቄቱን ስንነሰንስባት ከረምን። በባዮፕሲ (ከቁስሏ ትንሽ ተቆንጥሮ ሲመረመር) ስኳመስ ሴል የሚባል የቆዳ ካንሰር ነው ተባለ። ቆርጠን አውጥተን ከጭናቸው በሚወሰድ ቆዳ እንሸፍነዋለን ብለውናል። ዘመድ ግን «ቢላ ከነካው ይሰራጫል» ስላለን ቀጠሮውን ደጋግመን አስተላለፍን። የጭን ቆዳ ራስ ላይ ይይዛል? ፀጉርስ ያበቅላል?

መልስ፦ አባትዎ መላጣ መሆናቸውን ነግረውኝ ስለ ፀጉር ጠየቁኝ። እንግዲያው የሚያስጨንቅዎ ፀጉሩ አይደለም፤ ቢላው ነው። ከሱ እንጀምር።

ለዚህ ካንሰር ዋናው ሕክምና ቆርጦ ማውጣት ነው። ቢላ ስለነካው ወይም አየር ስላገኘው አይሰራጭም። ወሬው ግን ዝም ብሎ አልመጣም። ሰው ቁስሉን ይዞ ይቀመጣል፣ ይቀመጣል፤ አጥንት ውስጥ ወይም አንገት ላይ ከደረሰ በኋላ ሆስፒታል ይሄዳል። ይቆረጥለታል፣ አይድንም። ለቅሶ ላይ «ባይነኩት ኖሮ» ይባላል። የተቀመጠበትን ጊዜ የሚያነሳ የለም። ሌላው ደግሞ ጠርዙ ላይ ቅሪት ሲቀር ተመልሶ ይመጣል፤ ያኔም «ቀሰቀሱት» ነው። የቀረ ነው እንጂ የተቀሰቀሰ አይደለም። ሐኪሙ በዙሪያው ጤነኛ የሚመስለውን ቆዳ ጭምር የሚቆርጠው ለዚህ ነው። ጠርዙ ንጹሕ መሆኑም በፓቶሎጂ፣ ማለትም የተቆረጠው በማይክሮስኮፕ ተመርምሮ፣ ይታያል። አንዳንዴ ውጤቱ እስኪመጣ ቁስሉ በፋሻ ተሸፍኖ ይቆይና ቆዳው በኋላ ይተከላል። ይህ ሲሆን «ከፍተው ተዉት» ብላችሁ እንዳትደናገጡ። ቅሉ አይከፈትም፤ አንጎላቸው ጋ የሚደርስ ነገር የለም።

የካፕሱሉን ነገር ግን ማለፍ አልቻልኩም። ኧረ በፈጠራችሁ! ካፕሱል የሚዋጥ ነው። ዱቄቱ ካንሰር አይገድልም፤ ቁስሉን ያለብሰውና የሚድን ያስመስለዋል። ከወር በላይ አልድን ያለ ቁስል ቅባት አይቀየርለትም፤ ባዮፕሲ ይወሰድለታል። ዓመት ሙሉ ምን ስትጠብቁ ነበር?

ወደ ጭኑ ቆዳ ልምጣ። አዎ፣ ይይዛል። የራስ ቆዳ ከሥሩ ጠንካራ ሽፋን ስላለው እንደ ሆድ ቆዳ አይለጠጥም። ክፍተቱ እስከ 3 ሳንቲሜትር ገደማ ከሆነ ጠርዙ ተስቦ ሊሰፋ ይችላል፤ ከሰፋ ግን ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት። ከጭን የሚላጠው ስስ ቆዳ የራሱን ደም ይዞ አይመጣም፤ ካረፈበት ቦታ ነው የሚያገኘው። የቅል አጥንትን የሚያለብሰው ስስ ሽፋን ደም ስላለው ቆዳው እዚያ ላይ ይይዛል። እርቃኑን የቀረ አጥንት ላይ ግን አይይዝም። ካንሰሩ ያንን ሽፋን ከነካ ሽፋኑም አብሮ ይወጣል። ያኔ ከክፍተቱ አጠገብ ያለው የራሳቸው ቆዳ ከነደም ሥሩ ይዞራል። ክፍተቱ በጣም ትልቅ ከሆነም ከጀርባ ወይም ከጭን ወፍራም ሥጋ መጥቶ ደም ሥሩ በማይክሮስኮፕ ይቀጠላል፤ ይህ ሰዓታት የሚፈጅ ሥራ ነው። ቀጠሮ ሲተላለፍ የሚመጣው እንግዲህ ይህ ነው።

ከተተከለ በኋላ ላዩ ላይ የሚታሰረው የፋሻ ጥቅልል ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ቀን ይቆያል። ገልጣችሁ እንዳታዩ! ቆዳው ትንሽ ከተንሸራተተ አዲሶቹ ደም ሥሮች ይበጠሳሉ። አባትዎ ከራሳቸው ይልቅ ጭናቸውን ቢያማቸው አይግረማችሁ፤ የተላጠው ቦታ በ2 ሳምንት ገደማ ይደርቃል። የሚያጨሱ ከሆነ ከአሁኑ ያቁሙ፤ ሲጋራ ደም ሥር ያጠባል።

ፀጉር? አያበቅልም። ቆዳው ስስ ስለሆነ የፀጉር ሥር ይዞ አይመጣም። ቀለሙም ይለያል፣ ትንሽ ጎድጎድ ይላል። ሐኪሙ ሲፈቅድ ኮፍያ ያድርጉበት፤ ለፀሐይም ያስፈልጋቸዋል።

ዛሬውኑ ከጆሯቸው ፊትና ኋላ፣ አንገታቸውንም በጣትዎ ይዳስሱ። ጠጠር ያለ እብጠት ካገኙ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይዘዋቸው ይሂዱ። ባያገኙም ቀጠሮው ከእንግዲህ አይተላለፍም።