ቤት 158፣ ጤና ጣቢያ 136፦ የትኛው የግፊት ልኬት ይታመን?

ጥያቄ፦ እናቴ ስኳርም ግፊትም አለባት። ቤት ስንለካት 158 በ92፣ ወዲያው ስንደግም 141 በ84 ይላል። ጤና ጣቢያ ግን 136 በ80 ነው ተባለች። አንዳንዴ ከተቀመጠችበት ስትነሳ ያዞራታል። መለኪያው ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ መለኪያውን ከመጠርጠርዎ በፊት ክንድ ላይ የሚጠመጠመውን ካፍ ይመልከቱ። ከትከሻቸው አናት እስከ ክርናቸው ያለውን አጋምሰው የክንዳቸውን ዙሪያ በልብስ ሰፊ ሜትር ይለኩ። ከመሣሪያው ጋር የሚመጣው ካፍ ብዙውን ጊዜ ከ22 እስከ 32 ሴንቲ ሜትር ላለው ክንድ ነው፤ ልኩ ካፉ ላይ ታትሟል። ክንዳቸው 35 ቢሆን ያ ካፍ ይጠብና ግፊቱን አብዝቶ ያሳያል። ያኔ የሚገዛው ለዚያው ሞዴል የተሠራ ትልቅ ካፍ ነው። የሹራብ እጅጌ ወደ ላይ ጠቅልሎ ማሰርም ክንድ ያንቃል፤ ያውልቁት።

አቀማመጡ ቀጥሎ ይመጣል። በርጩማና የአልጋ ጫፍ አይሆኑም፤ ጀርባ የሚደግፍ ወንበር ይሁን፣ እግር ሳይነባበር መሬት ይርገጥ፣ ክንድ ጠረጴዛ ላይ በልብ ትክክል ይረፍ። ክንዱ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ቢል ብቻ 8 ነጥብ ያህል ይጨምራል። ሽንታቸውን ሸንተው 5 ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። ከቡና በኋላ 30 ደቂቃ ይቆዩ፤ አቦል ቶና በረካውን ጨርሶ መለካትማ ቡናውን መለካት ነው! በሁለቱ ልኬቶች መካከልም ቢያንስ 1 ደቂቃ ያስፈልጋል። ስኳራቸው ወርዶ ሲያልባቸውና ሲያንቀጠቅጣቸው ግፊት አይለኩ፤ ሰውነት አድሬናሊን ስለሚለቅ የላይኛው ቁጥር ይወጣል። ስኳሩ ይቅደም።

ከቁጥሮቹ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ማዞሩ ነው። የቆየ ስኳር ደም ሥርን የሚያዝዙ ነርቮችን ስለሚጎዳ፣ ሰው ሲነሳ ደም ሥሮቹ ቶሎ አይጠብቡም፤ ግፊቱም ይወርዳል። 5 ደቂቃ አስተኝተው ይለኩ፣ ከዚያ አቁመው በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ይድገሙ። እንዳይወድቁ ሰው አጠገባቸው ይቁም፤ ክንዳቸውም በልብ ከፍታ ይደገፍ፣ ቁልቁል ከተንጠለጠለ መውረዱን ይሸፍናል። የላይኛው 20 ወይም የታችኛው 10 ከቀነሰ ለሐኪማቸው ይንገሩ። ይህ ሳይታይ ተቀምጠው በተለኩት ቁጥር ብቻ ኪኒን ቢጨመር፣ ሽንት ቤት ሊሄዱ ሌሊት ሲነሱ ሊወድቁ ይችላሉ።

የጤና ጣቢያው 136 የቤቱን አያስተባብልም፤ ቤት ብቻ ከፍ የሚል ግፊት በስኳር ሕመምተኞች ላይ የተለመደ ነው። ለመፍረድ 7 ቀን ጠዋት ከመድኃኒትና ከቁርስ በፊት፣ ማታም እንዲሁ፣ ሁለት ሁለት ጊዜ ይለኩ። መጀመሪያ ሁለቱንም ክንድ ይሞክሩና ልዩነቱ ከ10 ካለፈ ከፍ ባለው ይቀጥሉ። የአንደኛውን ቀን ጥለው የቀሩትን 24 ልኬቶች አማካይ ያውጡ፤ የላይኛው 135 ወይም የታችኛው 85 ከደረሰ ከፍተኛ ነው። ወረቀቱን ለሐኪሙ ያሳዩ፤ እስከዚያ ኪኒኑን በራሳችሁ አትንኩ። 180 በ120 ከደረሰ 5 ደቂቃ አርፈው ይድገሙ፤ ካልወረደ በዕለቱ ሐኪም ይያቸው። የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ጎን መዛል ወይም የአንደበት መተሳሰር ካለ ግን ሳይደግሙ ወዲያው ሆስፒታል።

መሣሪያውን ለማረጋገጥ አዲስ ባትሪ አስገብተው ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። በአንድ ክንድ ላይ አንዴ በእነርሱ፣ አንዴ በእርስዎ እያፈራረቁ ይለኩ። የላይኛው ቁጥር ልዩነት እስከ 5 ከሆነ ደህና ነው፤ ከ6 እስከ 10 ከሆነ እንደገና ይነጻጸር፤ ከ10 ካለፈ ይቀየር። የልብ ምታቸው የሚዘባረቅ ከሆነ አውቶማቲክ መሣሪያ ስለሚሳሳት፣ ነርሷ በጆሮ ማዳመጫ ደጋግማ ትለካቸው።