ምሳ የምናበላቸው አረጋውያን ወረርሽኝ ሲመጣ ምን ይሁኑ?

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ ጉለሌ አካባቢ ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያን ምሳ የሚያበላ አነስተኛ የበጎ አድራጎት ማኅበር አባል ነኝ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ አዳራሹን ዘግተን ዱቄት፣ ዘይትና ሳሙና አደልን፤ ይሁን እንጂ ከእርዳታው ያልተጠቀሙ ብዙዎች እንደነበሩ ኋላ ላይ ሰማን። አሁን መተዳደሪያ ደንባችንን እያሻሻልን ነው። ዳግመኛ ወረርሽኝ ቢከሰት አገልግሎቱ ሳይቋረጥ፣ ሰውም ለበሽታ ሳይጋለጥ የምንቀጥልበትን መንገድ ብታብራሩልን።
አንዲት በጎ ፈቃደኛ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የገጠማችሁ ችግር በጊዜው የብዙ ማኅበራት ችግር ነበር። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያው ወር በ30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ሰውን በአንድ ማዕድ ዙሪያ ሰብስቦ ለማብላት የተቋቋመ ማኅበር በአንድ ወር ውስጥ አሠራሩን ከሥሩ መለወጥ ነበረበት። አዳራሹን መዝጋታችሁ ተገቢ ነበር፤ ጉድለቱ ያለው ደረቅ እህሉ ለሁሉም በአንድ ዓይነት መታደሉ ላይ ነው።

ዐይናቸው የደከመ፣ ብቻቸውን የሚኖሩና የከሰል መግዣ የሌላቸው እናት ዱቄቱ ቢደርሳቸው ማን አቡክቶ፣ ማን ጋግሮ ያቀርብላቸዋል? ጎረቤት ቢኖራቸውም እንኳ በዚያ ወቅት ሰው የሰው ደጃፍ መርገጥ ፈርቶ ነበር። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድማችሁ ልትሠሩት የሚገባው መዝገብ ነው፤ እሱም ዛሬ፣ በደኅናው ቀን የሚሠራ ነው። በመዝገቡ ላይ የእያንዳንዱ ሰው መኖሪያ፣ ራሱ ማብሰል መቻል አለመቻሉ፣ የሚወስደው መድኃኒትና በችግር ጊዜ የሚጠራለት ሰው ይስፈር። ማብሰል ለሚችለው አስቤዛው ይድረሰው፤ ለማይችለው ግን የበሰለ ምግብ እስከ ቤቱ መሄድ አለበት።

የበሰለውን ለማድረስ ለአንድ ሰው ስሙ የተጻፈባቸው ሁለት ምሳ ዕቃዎች ቢዘጋጁ ሥራው ይቀላል፤ አንዱ ምግብ ይዞ ሲገባ ሌላው ባዶውን ይወጣና በፈላ ውኃና በሳሙና ይታጠባል። አንድ አድራሽ ሁልጊዜ ወደ እነዚያው ቤቶች ብቻ ይሂድ፤ ይህ ከሆነ እሱ ቢታመም እነማንን እንዳገኘ ወዲያው ይታወቃል። ዕቃውን ደጃፍ ላይ አስቀምጦ መመለስ ግን አይበቃም። ሁለት የአዋቂ እርምጃ ርቆ፣ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ይጠብቅ፣ አረጋዊው ሲወጡ ይያቸው፣ ትኩሳት ወይም ሳል እንዳለባቸው፣ መድኃኒታቸውም እንዳላለቀ ይጠይቃቸው። በዚያ ቀን የሚያነጋግራቸው ሰው እሱ ብቻ ሊሆን ይችላልና።

ለወጥ ቤቱ፣ 5 በመቶ ክሎሪን ያለው በረኪና ከሆነ አንድ እጁን በ49 እጅ ውኃ በጥብጦ ጠረጴዛና የበር እጀታ ማጽዳት ይቻላል። ውህዱ በየቀኑ አዲስ ይዘጋጅ፤ ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋርም ፈጽሞ አይቀላቀል። 

የሰፈሩን እድር አትዘንጉ። እድር ትልልቅ ድስቶች አሉት፤ ከዚያም በላይ ማን በየትኛው ቤት እንደሚኖር ያውቃል። ወረርሽኝ ሲመጣ በጥድፊያ ከመፈላለግ ይልቅ የሥራ ድርሻችሁን ከወዲሁ ተነጋግራችሁ በጽሑፍ አስፍሩት።

አንድ ነገር አበክረን እንለምናችኋለን። ችግረኞችን በሰልፍ አቁሞ፣ ባነር ዘርግቶ፣ ፎቶ እያነሱ የሚደረግ ርክክብ ክብራቸውን ይነካል፤ በወረርሽኝ ጊዜ ደግሞ ለበሽታው መዛመቻ ምቹ ነው። ለጋሹ ማስረጃ ቢፈልግ የተፈረመ የወጪ ሰነድ ይበቃዋል።

በደንባችሁ ውስጥ የገንዘብና የውሳኔ አሰጣጥ ጉዳይም ይካተት። በ2012 መዋጮ የሚሰበሰበው በአብዛኛው በእጅ ስለነበር እንቅስቃሴው ሲቀንስ ገቢውም ቀነሰ፤ ቴሌብር ሥራ የጀመረው በ2013 ዓ.ም. ነው። ዛሬ የአባላትን ወርኃዊ መዋጮ በስልክ መቀበል ስለሚቻል ይህን አሁኑኑ ልማድ አድርጉት። ጠቅላላ ጉባኤ መሰብሰብ በማይቻልበት ጊዜ የሥራ አመራር ኮሚቴው በስልክ ተመካክሮ እንዲወስንና ውሳኔውን በቃለ ጉባኤ እንዲያሰፍር ሥልጣን ስጡት። የባንክ ሒሳባችሁ ፈራሚዎች ሦስት ብቻ ከሆኑና ሁለቱ ቢታመሙ ገንዘቡ እያለ ምግብ መግዛት ያቅታችኋልና፣ ተተኪ ፈራሚዎችን ከወዲሁ ሰይማችሁ ፊርማቸውን በባንኩ አስመዝግቡ።