ዘጠኝ ምን?

ጥያቄ፦ ፋሲል ግንብ ለማስጎብኘት እንግሊዝኛ እየተማርኩ ነው። አንዲት ጎብኚ የግድግዳ ስንጥቅ ሲጠገን አይታ «ኤ ስቲች ኢን ታይም ሴቭስ ናይን» አለችኝ። ቃል በቃል ስተረጉመው «ስፌት በጊዜ ዘጠኝ ያድናል» ሆነብኝ። ዘጠኝ ምን? ሰው ነው ሰዓት?
(ከጎንደር)

መልስ፦ ዘጠኝ ስፌት ነው። ተረት ማሳጠር ስለሚወድ «ስቲችስ» የሚለው ከመጨረሻው ተቆርጦ ቀርቷል። ያሳሳተዎት «ሴቭ» ነው፤ እዚህ ላይ ከሞት ማዳን ሳይሆን ከድካም ማትረፍ ማለት ነው። የጋቢዎ ጫፍ ጣት በምታህል ሲተረተር አንዴ በመርፌ ቢወጉት ይቆማል። ቸል ካሉት ክሩ እየተጎለጎለ ቅዳሜ ገበያ፣ ልብስ ሰፊ ዘንድ ያደርስዎታል። የእኛው «ሳይቃጠል በቅጠል» ልክክ ይልለታል። ቁጥሩም ሌላ ምስጢር የለውም፤ «ናይን» ከ«ታይም» ጋር ጆሮ ላይ ስለሚገጥም ነው።

«ኢን ታይም»ን «ኦን ታይም» እንዳይሉት። የመጀመሪያው ነገሩ ሳይረፍድ ማለት ነው፤ ሁለተኛው በተቀጠረው ሰዓት፣ ለአውቶቡስ የሚሆን። ስላለፈ ነገር ሲያወሩም «ሴቭድ» አይባልም፤ ተረቱ እንዳለ ይነገራል። ብዙዎች እንዲያውም «ኤ ስቲች ኢን ታይም» ብለው ግማሹን ይተዉታል፣ ቀሪውን ሰሚው ይሞላዋል።

አንድ ጥንቃቄ፦ ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ለባለጉዳዩ ቢናገሩት ነቀፋ ይሆናል። ጎብኚዋ ግን በቦታው ነው የተናገረችው።