እንጀራውም አሳመመኝ

የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣

የምኖረው በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። 34 ዓመቴ ነው፤ ባለትዳርና የ2 ልጆች እናት ነኝ። ለ6 ዓመታት ሆዴ እየተነፋ፣ ተቅማጥ እየተመላለሰብኝ፣ ደሜም እያነሰ ከሐኪም ሐኪም ስንከራተት ቆየሁ። የአይረን ክኒን ሲታዘዝልኝ ለጥቂት ሳምንታት ቀና እልና መልሼ እወድቃለሁ። አሜባ ነው፣ ጃርዲያ ነው፣ ጨጓራ ነው እየተባለ የዋጥኩትን መድኃኒት ቆጥሬ አልጨርሰውም። ከ4 ወራት በፊት አንድ ሐኪም የደም ምርመራ አዘዙልኝ፤ ከዚያም በኢንዶስኮፒ ከትንሹ አንጀቴ ናሙና ተወስዶ ሴሊያክ የሚባል በሽታ እንዳለብኝ ተነገረኝ። ስንዴና ገብስ ያለበትን ምግብ ዕድሜ ልኬን እንዳልቀምስ፣ ጤፍ ግን መብላት እንደምችል ሲነግሩኝ እፎይ አልኩ።

ዳቦ፣ ፓስታ፣ ቅንጬና በሶ እርግፍ አድርጌ ትቻለሁ። ሆኖም በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ያው ሕመም ይመለስብኛል። የምንበላው አማቴ ቤት ውስጥ የሚጋግሩትን እንጀራ ነው፤ ሲያልቅብን ከሱቅ እንገዛለን። ከሕመሙ የማይተናነሰው ደግሞ የቤተሰቡ ቅሬታ ነው። ለዓውደ ዓመት አማቴ የጋገሩትን ድፎ አልበላም ስል «ስንዴ ያሳመመው ሰው በዘመኔ አይቼ አላውቅም፤ እጄን ተጠይፋ ነው» ብለው አለቀሱ። ባለቤቴም «አንዲት ቁራሽ ምን ታደርጋለች?» ይለኛል። ምን ባደርግ ይሻለኛል?

የቱሉ ዲምቱዋ እናት

ውድ እኅቴ፣

ደብዳቤዎን ሳነብ ከሁሉ በላይ የከበደኝ፣ የሚወዱትን ሁሉ ትተው አሁንም መታመምዎ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን ሐኪምዎ ስለ ጤፍ የነገሩዎት እውነት ነው። ጤፍ ራሱ፣ በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለውና ሴሊያክን የሚቀሰቅሰው ግሉተን የሚባለው ፕሮቲን የለውም። ችግሩ ከማሳ ተነሥቶ መሶብዎ እስኪደርስ ድረስ በመንገዱ ላይ የሚቀላቀለው ነው።

የሱቁን እንጀራ ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት። ጤፍ ከተወደደ ወዲህ ለገበያ የሚጋገረው እንጀራ ገብስ፣ ስንዴ፣ ማሽላ ወይም ሩዝ ሊቀላቀልበት ይችላል፤ በዓይን አይተው ሊለዩት አይችሉም።

በቤትዎ እንጀራ ግን እኔ አብልጬ የምፈራው ወፍጮ ቤቱን ነው። ከእርስዎ በፊት የተሰለፈው ሰው ስንዴ አስፈጭቶ ከሆነ፣ በድንጋዩና በመውረጃው ላይ የቀረው ዱቄት ከእርስዎ ጤፍ ጋር አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ ጤፉን በእህልነቱ ይግዙና ቤት ውስጥ በወንፊት ይንፉት፤ ጤፍ ደቃቅ ስለሆነ ያልፋል፣ የስንዴና የገብሱ ፍሬ ከላይ ይቀራል። ጤፍ ብቻ የሚፈጭበት ድንጋይ ያለው ወፍጮ ቤት ካገኙ ራቅ ቢልም ወደዚያ ይሂዱ። ካላገኙ ሌላ ሰው ጤፍ ካስፈጨ በኋላ ይግቡ፤ መጀመሪያ የሚወርደውንም ዱቄት ለብቻው አስቀምጠው ለሌላው ቤተሰብ ያውሉት። ይህ አደጋውን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ለሽሮውም እንደዚሁ ይጠንቀቁ።

ቀጥሎ እርሾው ነው። አማትዎ አንድ ጊዜ እንኳ የተቀላቀለ ሊጥ አቡክተው ከነበረ፣ ያ እርሾ ቅሪቱን ወደሚቀጥለው ሊጥ ያሻግራል። አሮጌውን ደፍተው በንጹሕ የጤፍ ዱቄትና በውኃ ብቻ ያቡኩ፤ ጥቂት ቀናት ቢዘገይም በራሱ ይቦካል። ድፎና ቂጣ የሚጋገርበት ምጣድና ማሰሻው ጨርቅም የእርስዎን እንጀራ ባይነኩ ይሻላል። ወጪው ሊከብድ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ቢሆንም ከሚገዙት ሁሉ አስቀድመው ምጣዱን ይግዙ።

ባለቤትዎ ስለ ቁራሹ ያሉትን በቀላሉ ማለፍ አልችልም። ሴሊያክ ሆድ ካልተስማማው ምግብ ጋር የሚጣላበት ተራ ነገር አይደለም፤ ሰውነት ግሉተንን ሲያገኝ የራሱን አንጀት ያጠቃል። ምግብ የሚመጠጥባቸው ጣት መሰል ጥቃቅን ክሮችም ይረግፋሉ። ጉዳቱ የሚበረታው አይረን በሚመጠጥበት በላይኛው የትንሹ አንጀት ክፍል ስለሆነ፣ የ6 ዓመቱ ክኒን ያልያዘልዎት በዚህ ሳይሆን አይቀርም። አንዲቷ ቁራሽ ባያሳምምዎት እንኳ አንጀቱን ልትጎዳ ትችላለች። በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ግሉተን የለውም ተብሎ የሚሸጥ ምግብ በ1 ኪሎግራም ውስጥ ከ20 ሚሊግራም በላይ ግሉተን እንዳይኖረው የተደነገገው በከንቱ አይደለም።

አማትዎ አይቼ አላውቅም ማለታቸው አይፈረድባቸውም፤ ሐኪሞችም ስንዴን ሳይጠረጥሩ ብዙ ዘመን ኖረዋል። ቪለም ዲከ የተባሉ የኔዘርላንድስ የሕፃናት ሐኪም፣ ስንዴ ከምግባቸው ሲወጣ በሽተኞቹ ሕፃናት እንደሚሻላቸው፣ ሲመለስ ደግሞ እንደሚብስባቸው በዶክትሬት ጽሑፋቸው ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። ይህን ለአማትዎ በእርጋታ ያጫውቷቸው። ከዚያም «እማዬ፣ ያለ እርስዎ እጅ አልድንም» ብለው ጤፉን መንፋቱንና አዲሱን ሊጥ መጠበቁን ይለምኗቸው። የተከፉት እጃቸው የተናቀ መስሏቸው ስለሆነ፣ ያንኑ እጅ መልሰው እንዲይዙልዎት መለመን ከማስረዳት ሁሉ የሚበልጥ ይመስለኛል። ለዓውደ ዓመት ገንፎም ካማራቸው በገብሱ ፈንታ ቡላ ይስሩልዎት፤ ለቡናውም የበቆሎ ፈንዲሻ አለ። ማኅበር ሲሄዱ ምግብዎን ቋጥረው ይያዙ፤ ጠላውንና ቢራውን ይተዉ፣ ገብስ ወይም ብቅሉ አለባቸው። ቅዱስ ቁርባንን በተመለከተ ኅብስቱ ከስንዴ ስለሚዘጋጅ፣ ሕመምዎን ለንስሐ አባትዎ ሳይሸሽጉ ይንገሩ።

አንድ ያላነሡትን ልጨምር። በሽታው በዘር ስለሚሄድ ሁለቱም ልጆችዎ፣ ጤነኛ ቢመስሉም፣ የደም ምርመራውን ያድርጉ። ከምርመራው በፊት ግን ስንዴ አያስቁሟቸው፤ ካቆሙ ውጤቱ ሊያሳስት ይችላል። የእርስዎንም የደም ምርመራ መቼ እንደሚደግሙ ሐኪምዎን ይጠይቁ። በምርመራው ውጤት ላይ የሚታየው የበሽታው ቁጥር አልወርድ ካለ ወፍጮ ቤቱን፣ እርሾውንና ምጣዱን አንድ በአንድ ይንገሯቸው፤ ዳቦ ትቻለሁ ብለው ብቻ አይመለሱ።