የክትባት ማስረጃ ያላሳየ አይግባ ማለት ተገቢ ነውን?

ጥያቄ፦ ለሕዝብ ክፍት የሆነ አንድ አዳራሽ ከሚያስተዳድሩ የኮሚቴ አባላት አንዱ ነኝ። ተላላፊ በሽታ በተነሣ ቁጥር «የሚገባው ሰው ሁሉ የክትባት ማስረጃ ያሳይ» የሚል ሐሳብ ይቀርብና እንከራከራለን። ከፊሎቻችን ይህ በሰው ገላ ላይ ማዘዝ ነው እንላለን፤ የቀሩት ደግሞ ማንም ሰው ሌላውን በበሽታ የማስያዝ መብት የለውም ይላሉ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ሁለቱም ወገኖች የያዙት እውነት ስላለ ክርክሩ በመብት ጥያቄ ብቻ አይቋጭም፤ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት በሽታው የትኛው፣ ክትባቱስ ምን የሚያደርግ ነው የሚለው ነው። በእኛ አስተያየት በር ላይ ማስረጃ መጠየቅ የሚገባው ክትባቱ ተከታቢውን ከመጠበቁም በላይ አጠገቡ የሚቀመጠውን ሰው የሚጠብቅ ሲሆን ብቻ ነው። መንጋጋ ቆልፍ፣ ቴታነስ የምንለው፣ በቁስል በኩል የሚገባ እንጂ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ስላልሆነ፣ ክትባቱ እጅግ ጠቃሚ ቢሆንም ለአዳራሽ መግቢያ ቢጠየቅ ትርጉም አይኖረውም። ኩፍኝ ግን ፈጽሞ የተለየ ነው፤ የመከላከል አቅም በሌለው ሕዝብ መካከል አንድ ሕመምተኛ ከ12 እስከ 18 ለሚሆኑ ሰዎች እንደሚያስተላልፍ ይገመታል፣ ቫይረሱም ሕመምተኛው ወጥቶ ከሄደ በኋላ እስከ 2 ሰዓት ድረስ በክፍሉ አየር ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ክትባቱን ሁለት ጊዜ ከወሰዱት መካከል ደግሞ 97 በመቶ ያህሉ ከበሽታው ስለሚጠበቁ፣ ወረርሽኝ በተነሣበት ወቅት የሚጠየቀው ማስረጃ በእርግጥ የሚከላከለው ነገር አለ።

ኮቪድ-19 በእነዚህ በሁለቱ መካከል የወደቀ ስለነበረ ነው ያን ያህል ያከራከረው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2021 ካፌና ምግብ ቤት የሚገባ ሰው የክትባት፣ ከበሽታው የማገገም ወይም የቅርብ ጊዜ የምርመራ ማስረጃ እንዲያሳይ አዘዘች። በጃንዋሪ 2022 ደንቡን አጥብቃ የምርመራ ውጤት ብቻውን እንዳይበቃ አደረገች፤ በማርች ደግሞ አነሣችው። ደንቡ የጠበቀው ግን ኦሚክሮን የተባለው ዝርያ ተዛምቶ፣ ክትባቱ ከጽኑ ሕመም በደንብ ቢጠብቅም ከመያዝና ከማስተላለፍ የመከላከል ኃይሉ በእጅጉ በቀነሰበት ጊዜ ነበር። ያን ጊዜ ማስረጃው ሰውን ወደ ክትባት የመግፊያ መሣሪያ ሆኖ ነበር ማለት ይቻላል። ይህም ዓላማ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም፤ ነገር ግን የሚፈለገው እርሱ ከሆነ በግልጽ ይነገር እንጂ «አዳራሹ አስተማማኝ ነው» ተብሎ ለገባው ሰው የሐሰት መተማመኛ አይሰጠው።

ስለ መብት ያነሣችሁት ክርክር ጥንታዊ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1905 በማሳቹሴትስ ግዛት የፈንጣጣ ክትባት አልወስድም ያለ ሰው ላይ የተጣለውን የ5 ዶላር ቅጣት ሲያጸና፣ ማኅበረሰቡ ራሱን ከወረርሽኝ የመከላከል መብት እንዳለው አምኗል፤ ሆኖም ይህ ሥልጣን ከሚያስፈልገው በላይ ሊሄድ እንደሚችልም አስጠንቅቋል። ሰውየው የተቀጣው በገንዘብ እንጂ ከየበሩ በመባረር አለመሆኑንም ልብ ይሏል።

ወደ አዳራሻችሁ ስንመለስ፣ በመጀመሪያ የጤና ባለሥልጣናትን መመሪያና ሕጉን መጠየቅ ይገባል፤ በሰው የጤና መረጃ ላይ ኮሚቴ ብቻውን ሊወስን አይችልምና። ከተፈቀደላችሁም ሰው ቢቀር ብዙ የማይጎዳበትን የመዝናኛ ዝግጅት፣ ሊቀርበት ከማይችለው አገልግሎት ለዩት፤ ለኋለኛው ማስረጃ አትጠይቁ። ዕድሜያቸው ያልደረሰ ሕፃናትና በሐኪም ትእዛዝ ያልተከተቡ ሰዎች ደንቡ ሊጠብቃቸው ከሚገቡት ዋነኞቹ ሆነው ሳለ እነርሱኑ ከበር መመለስ ነገሩን መገልበጥ ይሆናል። በረኛውም ካርዱን አይቶ ይመልስ እንጂ አይመዝግበው፣ ፎቶም አያንሣው። ማስታወቂያው በሚለጠፍበት ዕለትም ደንቡ እንደገና የሚታይበትን ቀን አብራችሁ ጻፉበት።